ለደባርቅ ብርድ ማቀዝቀዣ

ለልጄ ለሀብተ ሚካኤል፣ ዱባይ ላለኸው።

ብዕሩን የያዘው ታናሽ ወንድምህ ደርቤ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ የአባትህ የወልደ ሩፋኤል ነው። ከአፌ የወጣውን ሳትቀንስ ጻፍ ብዬዋለሁ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? የዚያ አገር ሙቀት ራስህን ያምህ ነበር፣ ተወህ ወይ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን ደኅና ነን። ገብሱ ውርጭ ሳይነካው ገባ፤ ጉልበቴ ብቻ ዳገት እንቢ ብሎኛል። በስልክ ያልነገርሁህ፣ ነገር ሲከብድህ ኔትወርክ ጠፋ ስለምትል ነው። ወረቀት አይቆረጥም። የጎረቤታችን የአበባየሁ ልጅ ወደዚያው ስትመለስ ታደርስልሃለች።

ነገሩ ያ የላክኸው የኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ነው። የደርቤ ቪዲዮ ቤት ኮምፒውተር ሠርግ ሲያቀናብር እየጋለ ይጠፋል ብላችሁ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ ይግባለት አላችሁ። ውርጭ የባልዲ ውሃ በሚያረጋበት በደባርቅ ይህ ለምኑ ነው ብዬ ጠየቅሁህ። የውስጡን ግለት እርስዎ አያውቁትም አልኸኝ። የሳጥኑን ጣሪያ ይለኩልኝ ስትለኝ በስንዝሬ ለካሁልህ፤ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት። ባለ ሦስት ማራገቢያው አይገባም ብለህ ባለ ሁለቱን መረጥህ። በእጄ ልክ በመገዛቱ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሊገጥመው ምስክር የሚባል ባለሙያ ከጎንደር መጣ። ሙቀት እንደ ጢስ ወደ ላይ ነው ብሎ ማራገቢያዎቹ ያሉበትን ራዲያተር ከሳጥኑ ጣሪያ ሥር አደረገው፤ በሁለት እጄ ደግፌ የያዝሁለት እኔ ነኝ። ከኮምፒውተሩ አንጎል ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ነጭ ቅባት ጠብ አድርጎ ፓምፑን ጫነበት፤ ቱቦዎቹንም እንዳይታጠፉ አዞራቸው። ሥራ ያውቃል፤ ቀንበር እንደሚያስር ሰው፣ አንዱን ብሎን ጨርሶ ሳያጠብቅ ወደ ማዶው ይሻገራል። አራተኛው ላይ ሲደርስ፣

«አባቴ፣ ለመተማ ሙቀትማ ባለ ሦስቱ ይሻል ነበር» አለኝ።

መተማ! ሰውየው ምንም አያውቅም፤ ብሎኑን ያዞራል። ደርቤን አየሁት፤ ጫማውን ያያል።

ስጠይቀው አልሸሸገኝም። መተማ ላይ ደርቤ የሚወርድበት ሱቅ ከተከራያችሁ ሁለት ወር ሆኗችኋል፤ ነገሩን የጠነሰስኸውም አንተ ነህ።

አንተን መርቄ የሸኘሁህ፣ ደርቤ ከጎናችሁ አይለይም ብለህ መስቀል ይዘህ ስለማልህልኝ ነው። ልጅ ይሄዳል። ቆላ ገበያ እንዳለው እኔም አውቃለሁ፤ ብትጠይቁኝ አልከለክልም ነበር። በገዛ ስንዝሬ አስለክታችሁ፣ በገዛ እጄ አስደግፋችሁ የመጨረሻ ልጄን ከቤቴ ልታወጡት? ለባዳ እንኳ እንዲህ አይደረግም።

ዕቃው ከቅበላ በኋላ ሊጫን ነው። ደርቤን እስካሁን አልመረቅሁትም፤ ሳይመረቅ መውጣትም አልደፈረም። ታላቅ ነህና ነገሩ በአንተ እጅ ነው። ደውለህ «አባባ፣ ዋሽተንዎታል» በለኝ። ሌላ ምክንያት አትደርድርልኝ። ያን ቀን ተነሥቼ እመርቀዋለሁ።

እናትህ ታንጉት ትናፍቅሃለች፤ ነገሩን ታውቅ እንደሁ አልጠየቅኋትም፣ ፈራሁ። እኅትህ እስከዳር ሰላም ብላሃለች፤ ልጇ ቃለ አብ ጥርስ አወጣ።

ደባርቅ፣ ጥር 14 ቀን 2006 ዓ.ም.

በል ደርቤ፣ አሁን መልሰህ አንብብልኝ። «ዋሽተንዎታል» በለኝ ካልሁበት ስትደርስ ድምፅህን ዝቅ አታድርግ።