ጓሮ ሙሉ እንሰት

ውድ ልጄ ፍሬሕይወት፣ የጌታ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ፤ እኛ ወልቂጤ ስሙ ይባረክ ደህና ነን።

ልጅሽ ምሕረት ጎረቤታችንን እማማ ዘርፌን፣ «ጓሮዎ ሙሉ እንሰት እያለ ለምን ጦምዎን ያድራሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ማን ይፋቅልኝ? ጉልበቴ አልቋል» አሉ።

እሷም ይህንኑ ቸርች ላሉት እናቶች ነገረች። ይኸው አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስበን አቅም ላነሳቸው ሁሉ እንሰት እንፍቃለን። እኔ ቅጠል አነጥፋለሁ፤ ቀኝ እጄን ብርድ መትቶኝ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለም።

ባለፈው ቅዳሜ ሴቶቹ መፋቂያቸውን ይዘው እኛው ጓሮ ገቡ።

«እኔ ምን ሆንኩና!» ብዬ ተቆጣሁ።

«እኔ ነኝ የጠራኋቸው» አለች ምሕረት። እንሰቱን ፍቀው ጨርሰው ሲሄዱ ግን ጌታን አመሰገንኩ።

በሰላም ያገናኘን። ጽሑፉ የምሕረት ነው፤ ናፍቆቱ የእኔ።

እናትሽ መሰለች