የአራሷ ዶሮዎች

መጋቢት 4፣ ረቡዕ። ጠዋት 12፡30

ማድ ቤቱን ከፈትኩ። ቆጠርኩ። ስምንት። ትናንት ዘጠኝ ነበሩ። ቀይዋ ቄብ መሬት ላይ ተጋድማለች፣ አንገቷ የለም። ሥጋዋን አልነካውም! ደሟን መጥጦ ጥሏት ሄደ። በዚህ ሳምንት ሦስተኛዋ ናት። ሸለምጥማጥ ነው እንጂ ሌላ ማን እንዲህ ያደርጋል። በልቶ ቢጠግብ እንኳ አንድ ነገር ነው። በክት ሆነች፣ ጎትቼ ለውሻ ጣልኳት።

ስማኝ ደብተር፣ ለሰው እንዲህ አልናገርም፤ ከያዝኩት በጥርሴ ነው የምዘነጥለው። ዶሮዎቹ የልጄ የአልማዝ ናቸው። የመጀመሪያ ልጇን እኔ እናቷ ቤት ልትወልድ መጥታለች፣ ዘጠነኛ ወሯ ገብቷል። ባሏ ሰሜን ግንባር ነው፤ ደብዳቤ ከላከ ሁለት ወር አለፈው። አራስ ጾም የለባትም፣ ሁዳዴ ሆነ አልሆነ ሥጋ መብላት አለባት። ከጫጩትነታቸው ጀምሮ ከራሴ ጥሬ እየቀነስኩ ያሳደግኳቸው ለዚህ ነው። ት/ቤት ረፈደብኝ፣ ልጆቹ ያለ አስተማሪ ክፍሉን ያፈርሱታል።

መጋቢት 6፣ ዓርብ። ከሰዓት 10 ሰዓት

ከክፍል ተመልሼ ጭቃ አቦካሁ። በማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር ያለውን ቀዳዳ፣ ከጣራው በታች ያለውን ክፍተት፣ ሁሉንም በድንጋይና በጭቃ ደፈንኩ። የናዝሬት ነፋስ እንኳ አይገባም። ጎረቤቴ ፋጡማ አጥሩ ጋ ቆማ አየችኝ። አካም ኦልቴ፣ እንዴት ዋልሽ ብላ በኦሮምኛ ጀመረች፣ ከዚያ ምክር መጣ። ይሄ አውሬ ቀን ቀን ጣራ ውስጥ ነው የሚተኛው፣ ከመድፈንሽ በፊት ኮርኒሱን በዱላ ምቺው አለች። ማዳበሪያ ወጥሬ የሠራሁት ኮርኒስ ነው፤ እዚያ ላይ ማን ይተኛል! ሁሉን አዋቂ ብዬ አንቋሸሽኳት። ወደ ቤቷ ገባች።

መጋቢት 7፣ ቅዳሜ። ምሽት 1 ሰዓት

ሴት ልጅ! አዋላጇ አሁን ወጣች። ጉሮሮዬ እስኪነቃ እልል አልኩ። አልማዝ ግን ብዙ ደም ፈሷታል፣ ከንፈሯ አመድ መስሏል። አዋላጇ የዶሮ ሾርባ ስጫት፣ ነገውኑ አለችኝ። ስምንቱም ቆጥ ላይ ናቸው፣ ቆለፍኩ። ነገ ጠዋት የሚያርድ ወንድ እጠራለሁ። ደስ ብሎኛል፣ ፈርቻለሁም።

መጋቢት 8፣ እሁድ። ጠዋት 3 ሰዓት

ቀኝ እጄ ታስሯል፣ በግራ ነው የምጽፈው።

እንደነጋ ከፈትኩ። ላባ። ደም እስከ ምድጃው ድረስ። ሰባቱ አንገታቸው ተቀንጥሶ ወድቀዋል። እሱ ራሱ ጥግ ላይ አለ፣ አፉ ደም በደም፣ መውጫ አጥቶ ያቦካሁትን ጭቃ ይቧጥጣል። ኮርኒሱ ተቀዷል። ገባኝ። ዓርብ ስደፍን ከበላዬ ኮርኒሱ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ሁለት ሌሊት መውጫ ሲያጣ ቀዶ ወረደ። በገዛ እጄ ነው ከነሱ ጋር የቆለፍኩበት! ፋጡማ ነግራኝ ነበር እኮ።

በሩን ከኋላዬ ዘጋሁ። ዘነዘናውን አነሳሁ። ዘሎ እጄን ነከሰኝ፣ አልለቅ አለ። ከግድግዳው ጋር አላተምኩት። ሲወድቅ ወገቡን መታሁት። ተሳበ። ደገምኩት። ጭንቅላቱ ከደቀቀ በኋላም አላቆምኩም። ስንት ጊዜ እንደመታሁት አላውቅም። ከጉሮሮዬ ድምፅ ይወጣል፣ የኔ አይመስልም። ፋጡማ በሩን ገፍታ ገብታ ያዘችኝ። ያ ረቢ፣ ሞቷል፣ ተይው አለች። እጄን በጨው ውሃ አጥባ አሰረችልኝ። ስለ ዓርቡ አንድ ቃል አላነሳችም፣ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አሳፈረኝ።

አንዲት ገብስማ ተርፋለች። አንድ ክንፏ ተገንጥሏል፣ ትንፋሽ ግን አላት። ቶሎ ካልታረደች እሷም በክት ናት።

5 ሰዓት

ቢላና ዶሮ ይዤ በር ላይ ቆምኩ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ አላፊ ወንድ እንዲያርድልኝ። መንገዱ ባዶ ነው። ወንዶቹ በሙሉ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ የቀረ ይቀጣል። የፋጡማ ባል ብቻ አሉ፤ እሳቸው ስላረጁ ከስብሰባ ነፃ ናቸው። ወደ አጥሩ መጡ። ዶሮዋን አዩ፣ እጄን አዩ። እኔ ባርዳት እናንተ አትበሉም አሉኝ፣ አፍረው። እውነታቸውን ነው። ዶሮዋ አንገቷን ጣል አደረገች።

ሴት አታርድም። እናቴ አላረደችም፣ እናቷም አላረደችም። ባለፈው ሳምንት ብትጠይቀኝ እኔም ነውር ነው እልህ ነበር። ወደ ጓሮ ዞርኩ። ደህነኛውን ክንፏን ረገጥኩ፣ ቢላውን በግራዬ ያዝኩ፣ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አልኩ፣ ቆረጥኩ። አላመነታሁም። ያስፈራኝ ይሄ ነው።

9 ሰዓት

አልማዝ ሾርባውን ግማሽ ጠጣች። ፊቷ ትንሽ ደም መሰለ። ከዚያ የታሰረ እጄን አየች። ዶሮዋን ማን ባረካት ብላ ጠየቀችኝ። መዋሸት እችል ነበር። እኔ አልኳት። ኩባያውን አስቀምጣ ወደ ግድግዳው ዞረች። የንስሐ አባታችን ምን ይላሉ፣ ሰው ምን ይላል፣ በልጄ ላይ ነገር ይመጣል አለች።

የጠዋቱ ቁጣ ተመልሶ መጣብኝ። ዋጥኩት።

«ስሚኝ ልጄ፣ ወንዶቹ ስብሰባ ላይ ነበሩ» አልኳት። «ጡትሽ ስብሰባው እስኪያልቅ ይጠብቃል?»

ሕፃኗ አለቀሰች። አልማዝም አለቀሰች። ከዚያ እጇን ዘረጋች፣ ኩባያውን ሰጠኋት። እስከ ታች ጠጣችው።

ነገ ገበያ እወርዳለሁ፣ ሁለት ዶሮ ከነነፍሳቸው አመጣለሁ። በር ላይ አልቆምም።