ለቅሶ በኤርለንሙንድ

ውድ ባምላኩ፣

ቪዛው መጥቷል። ከማክሰኞ ጀምሮ እጄ ላይ ነው፤ ያልደወልኩልህ ፈርቼ ነው። ልብሴን ሻንጣ ውስጥ እከታለሁ፣ መልሼ አወጣለሁ። ቤቱ ሲያፍነኝ እስከ 18 ማዞሪያ በእግሬ እሄዳለሁ፤ እዚያ ስደርስ የምገዛው ነገር የለኝም፣ ታክሲ ይዤ እመለሳለሁ።

ጥፋቱ ያንተ ነው! ያቺን የጀርመን ከተማህን፣ ኤርለንሙንድን፣ ልትድራት ያሰብክ ይመስል ፎቶዋን ብቻ ነው የምትልክልኝ። ወንዙ፣ ቀያዮቹ ጣሪያዎች፣ በደቂቃው የሚደርሰው አውቶቡስ። እኔ ግን ፎቶውን እያጎላሁ ሰው ነው የምፈልገው። አንዲት ውሻ የያዘች ሴትዮ አገኘሁ፣ በቃ። እሑድ ሱቅ ዝግ ነው፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ማስነሳት እንኳ ነውር ነው አልከኝ። እኛ እኮ በቀራንዮ መድኃኔዓለም ድምፅ ማጉያ የምንነቃ ሰዎች ነን! ጎረቤታችን ዘመነች ሰምታ፣ "ውይ በሞትኩት! እዛ ብትሞቺ ማን ይሰማል?" አለችኝ። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። አንተን እወድሃለሁ፤ እዚያ መኖር ግን እችላለሁ ወይ?

ትናንት ታዲያ ወንድምህ ፋሲካ መጥቶ ለእኔ ያልነገርከኝን ነገረኝ። ኸር ብራንት የምትላቸው የታች ፎቅ ሽማግሌ ባለቤታቸው ሞቱባቸውና ለቅሶ ደረስክ። ሳትደውል፣ ቀጠሮ ሳትይዝ! ግራ ገብቷቸው "ማሞቂያው ተበላሸብህ?" አሉህ።

"አይ፣ ልቀመጥ ነው የመጣሁት" ብለህ ኮፍያህን አውልቀህ ተቀመጥክ። እሳቸውም ሰዓታቸውን እያዩ ተቀመጡ። በማግስቱ ደግሞ ሄድክ፤ አንተ ችኮ! በሦስተኛው ቀን በሩን ገርበብ አድርገው፣ ወንበር ስበው ጠበቁህ። የባለቤታቸውን ፎቶ አምጥተው አለቀሱ፣ አንተም አብረህ አለቀስክ።

ፋሲካ ይሄን ሲያወራ በሳቅ ሊሞት ነው። እኔ ግን ጓዳ ገብቼ አነባሁ። ምነው ይሄን ደብቀህ ወንዝ ትልክልኛለህ? አፍረህ ነው? ፎቶው ውስጥ ስፈልገው የከረምኩት ሰው እኮ እሳቸው ነበሩ።

አሁንም እፈራለሁ፣ አልዋሽህም። ግን ትኬቱን ቁረጥ። ለኸር ብራንትም ንገራቸው፣ አንድ ወንበር ይጨምሩ። ጥቁር ነጠላዬን ከሻንጣው አናት ላይ አድርጌዋለሁ፤ እኔ ገና ለቅሶ አልደረስኩም።

ያንተዋ ማራኪ፣
ከቀራንዮ