የዘሃራ ክብ

ሐሙስ፣ ኅዳር 4፣ ከዙህር ሶላት በኋላ

ጥፋቱ የጤና ጣቢያዋ ነርስ የሲስተር አዜብ ነው። እኔ ሬሳ የማጥብ ሴት ነኝ፤ በስተርጅና ጤና ጣቢያ አግዳሚ ላይ ምን አስቀመጠኝ? እንሴኖ ያለችው እህቴ ሩቂያ ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኘባት። በዘር ሊመጣ ይችላል ተብሎ እኔና የሟች እህታችን የዘሃራ ልጅ ፎዚያ ለትምህርት ተጠራን። ዘጠኝ ሴቶች ነን። ወረቀት ታደለን። ለእያንዳንዷ የቤተሰብ ሴት አንድ ክብ፤ በጡት የታመመችውን ማጥቆር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ለማይችሉት እየዞርኩ ጻፍኩላቸው። ኮራሁ። አንዷ፣ "ሲስተር፣ እቺ ተማሪሽ ቦታሽን እንዳትቀማሽ" አለች። ተሳሳቁ።

ፎዚያ እናቷ ክብ ላይ ስትደርስ፣ በምን ነበር የሞተችው አለችኝ። ሆዷን ነው አልኩ። ነጭ ተወችው። እኔም በኔ ወረቀት ላይ የዘሃራን ክብ ነጭ ተውኩት።

አርብ፣ ኅዳር 5

ገበያ አልወጣሁም። ደብተሬ፣ አንቺ አታወሪም። ዘሃራን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ግራ ጡቷ ቁስል ነበር። አጣቢ ያየችውን ገመና አታወጣም፤ አማና ነው፣ የሟች አደራ። ለዚህ ነው ዝም ያልኩት።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አርብ የጻፍኩት ውሸት ነው። ልሰርዘው አልኩና ተውኩት። ዘሃራ ስትሞት የልጄ ኒካ፣ ጋብቻዋ፣ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። በዘራቸው አለ ከተባለ የወልቂጤዎቹ አማቾቿ ይተዋታል ብዬ ፈራሁ። አማና ያልኩት እሱን ነው። ልጄም እስከ ዛሬ አታውቅም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሲ/ር አዜብ ወረቀቶቹን አየች። ለፎዚያ፣ የታመመችው አክስትሽ ሩቂያ ብቻ ናት፤ እናትሽም ብትኖርበት ኖሮ ዛሬውኑ ለምርመራ እልክሽ ነበር አለቻት። ፎዚያ ፊቷ በራ።

በር ላይ ያዝኳትና ነገርኳት። አልጮኸችም። "አክስቴ፣ ስንት ጊዜ ጠየቅሁሽ?" አለች። ተመልሳ ገባች። በመስኮት አየኋት፤ ክቡን እያጠቆረች ነው። እኔም ገብቼ በኔ ወረቀት ላይ የዘሃራን አጠቆርኩ። ከመስመሩ ወጣብኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፣ ጠዋት

ፎዚያ የምርመራ ቀጠሮ ተሰጣት። አብሬሽ ልሂድ ብዬ ላክሁባት። መልስ የለም። ትክክል ናት። ሲ/ር አዜብን ዛሬም አልወዳትም።

ወልቂጤ ልሄድ ነው። ይሄ ለልጄ በስልክ አይነገርም። አማቾቿም ቢሰሙ ይስሙ። ካጠብኳቸው ሴቶች የአንዷ ልጅ መጥታ እናቴ በምን ሞተች ብትለኝ፣ ከእንግዲህ ሆዷን ነው አልልም።