የአባባ ቶሌሳ እሸት

ቅዳሜ፣ መስከረም 24
ከሌሊት ሺፍት ወጥቼ ትንሽ ተኛሁ። ከዚያ አማቴን አባባ ቶሌሳን ይዤ ዌስት ፉትስክሬይ የሰፈሩ አትክልት ቦታ ሄድኩ። ከወለጋ እዚህ ሰው አገር ከመጡ ወዲህ ቤት መዋል ሰልችቷቸው "መልሱኝ" ይላሉ። ባለቤቴ ቶላኒ ደግሞ ማልቀስ ጀምራለች። አፈር ቢነኩ ይረጋጉ ይሆን? መደብ ለማግኘት ዌይቲንግ ሊስት ላይ ከገባን ሦስት ዓመት አለፈን። አሁን አንዲት መደብ ባዶ ሆናለች፤ ለማን እንደምትሰጥ በስብሰባ ይወሰናል።

ሊቀ መንበሩ ካርሜሎ የሚባል ጣሊያናዊ ሽማግሌ ነው። የቦታውን ታሪክ ሲያወራልኝ ቆየ። መጀመሪያ የቻይኖች ጎመን፣ ከዚያ የጣሊያኖች ቲማቲም፣ ከዚያ የቬትናሞች ቅጠላ ቅጠል... ራሴን በአክብሮት እነቀንቃለሁ። ዞር ስል አባባ የካርሜሎን ባቄላ እየፈለፈሉ ይበላሉ!

"ጥሩ እሸት ነው ልጄ። የማን ነው?"

ምን ልበል? አማት ናቸው።

እሑድ፣ መስከረም 25
ቶላኒን "አንቺ ንገሪያቸው" አልኳት።
"አባቴን ሌባ ነህ ልበለው?"
ቀኑን ሙሉ አኮረፈችኝ።

ረቡዕ፣ መስከረም 28
አባባ በየቀኑ "ዞር ዞር ብዬ ልምጣ" ይላሉ። ሲመለሱ ምሳ አይበሉም። ዛሬ በዘወርዋራ ሞከርኩ።

"አባባ፣ እዚህ አገር ሰው የሰው ማሳ አይነካም አሉ።"
"ጥሩ ሕዝብ ነው፤ ሌባ የለማ!"
"እሸትም ቢሆን..."
"እሸትማ ምን ችግር አለው? መንገደኛ እፍኝ ቢቀምስ ማሳው ይባረካል። ባለማሳው ራሱ 'ቅመሱ' ይላል እኮ።"

ካርሜሎ ግን አላለም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1
ከካርሜሎ ለባለመደቦቹም ወረፋ ለያዝነውም መልእክት መጣ። ባቄላውን ፖሰም እየጨረሰው ስለሆነ መረብ ሊገዛ ነው። ምስኪን የዛፍ አውሬ፣ በሌለበት ተከሰሰ። "በጣም ያሳዝናል" ብዬ መለስኩ። አላፍርም?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
ስብሰባ። አባባ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ይቅሩ ማለት እችላለሁ? ካርሜሎ ስለ ፖሰሙ ተናገረ።

"ምን አለ?" አሉኝ።
"አውሬ ባቄላውን በላው ነው የሚለው።"

ብድግ አሉ። "ብርሀነ፣ ንገርልኝ። አውሬ ቢሆን ያበላሸው ነበር። እኔ ነኝ የምቀምሰው። የደረሰውን ብቻ!"

ሁሉም እኔን ያያሉ። ልዋሽ? መደቧ ከሄደች እሳቸውም መሄዳቸው ነው... ግን እንዴት አድርጌ? እንዳለ ተረጎምኩት።

ካርሜሎ፣ "ጣማቸው ወይ?" አለ።
"በጣም። ግን አጠጋግቶ ነው የዘራው።"
ይሄንንም ተረጎምኩ። ከዚህ በኋላ ምን ቀረኝ?

ሽማግሌው እስኪያስለው ሳቀ። ለካ አባቱ እዚህ እንደመጣ የቻይናውን ጎመን ይሰርቅ ነበር። አንዲት የቬትናም ሴትዮ እጇን አወጣች፤ እሷም የካርሜሎን ቲማቲም፣ ሁለት በጋ! ታሪኩን ሲያወራልኝ ይቺን ዘሏት ነበር።

መደቧ ተሰጠችን። በአባባ ስም።

እሑድ፣ ኅዳር 14
ውኃ ማመላለስ የኔ ሥራ ሆኗል። አባባ ከአጥሩ ሥር ቆመው ያዝዙኛል። "ቀስ! ቡቃያውን ታጥበዋለህ!"

ማታ እራት ላይ ቶላኒ ፈራ ተባ እያለች፣ "አባዬ፣ የመመለሻህን ቲኬት ቡክ እናድርግልህ?" አለች።

አባባ እንጀራቸውን አስቀመጡ። "ጎመኔ ሳይደርስ? ምን አድርጌያችሁ ነው የምታባርሩኝ?"

ቶላኒ ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ደስ ብሏት ነው። እኔም ትንሽ...