ከሳፋው ሥር ያለው ዱካ

ሰኞ

የወንጀል ስፍራ የሚታጠርበት ሪባን አልቋል። የበረቱን ዙሪያ በሲባጎ አጠርኩት። ሠልጥኜ ከተመለስኩ ወዲህ ብቻዬን የያዝኩት የመጀመሪያው የወንጀል ስፍራ ነው፤ ሮቢት አጠገብ፣ የእማማ ዘይነባ ግቢ። ባላቸው ጋሽ ይማም ካረፉ ወዲህ የቀራቸው አንድ የእርሻ በሬ ሌሊት ተሰርቋል። እኔ እስክደርስ ግማሹ ሰፈር «አላህ ይተካልሽ» ሊል መጥቶ በረቱን እንደ አውድማ ረግጦታል። ማንን ልቆጣ? ለማጽናናት የመጣ ሰው አይባረርም።

አንድ ነገር ግን ተርፏል። እማማ በረቱ በር ላይ ያገኙትን የጫማ ዱካ ነፋስ እንዳይበላው ሳፋ ደፍተውበት አጠገቡ ተቀምጠዋል። ልስማቸው ምንም አልቀረኝ። ሳፋውን ላነሳ ስል እጄን ያዙኝ። «ቆይማ ልጄ፣ መጀመሪያ እኔ ልግባ» አሉና ወደ ቤት ገቡ።

ፎቶ አነሳሁ። ለመለኪያ ማስመሪያ አጠገቡ ማስቀመጥ ረሳሁ። እንደገና አነሳሁ። ትልቅ የኮንጎ ጫማ፣ ቀኝ እግር፣ ተረከዙ በውጭ በኩል ያለቀ።

ማክሰኞ

እማማ ትናንት ለምን ወደ ቤት እንደገቡ ዛሬ ገባኝ። ትልቁ ልጃቸው ሰይድ «ሐሰን ነው» ይላል። ሐሰን የእህቱ ባል ነው። ባለፈው ሳምንት በሬውን ለእርሻ ሲለምነው ሰይድ ከልክሎት ነበር። ሐሰን ረጅም ነው፣ እግሩ ትልቅ ነው፣ ኮንጎ ያደርጋል። ቆላው ሁሉ ኮንጎ ያደርጋል ብል ማን ይሰማኛል? ሰይድ እህቱን ልጇን እንዳዘለች ከባሏ ቤት አምጥቷታል። «ከሌባ ጋር አትኖርም» ነው የሚለው።

ዱካውን የምቀርጽበት ጀሶ ቢሮ ውስጥ የለም። ቆቦ ኮርኒስ ከሚሠራ ሰው ለምኜ በፌስታል ወሰድኩ። አቅጥኜ ዱካው ውስጥ አፈሰስኩት፤ ደግነቱ ረጋ።

እማማ ውኃ ሲያቀብሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሱ ከሆነ አትንገሪኝ። በሬ ይተካል፤ ትዳር ግን...» አሉ። ለፖሊስ እንዲህ ይባላል? ውኃውን ጠጣሁ።

ረቡዕ

ሐሰን ሳልጠራው መጣ። ጫማውን አውልቆ ሰጠኝና ሰው ሁሉ እያየው በባዶ እግሩ ቆመ። ከጀሶው ጋር አስተያየሁት። የእሱ ተረከዝ ያለቀው በውስጥ በኩል ነው፤ ርዝመቱም አይገጥምም። «ያንተ አይደለም» ስለው ጎንበስ ብሎ ጫማውን አደረገ። ሚስቱ ግን አለቀሰች። ሰይድ «ታዲያ የማን ነው?» አለኝ። እኔም ይህንኑ ነበር የማስበው።

መልሱ ከሰዓት በኋላ በእግሩ መጣ። እማማ ለላማቸው የማሽላ አገዳ ታቅፈው ሲያልፉ ዓይኔ እግራቸው ላይ አረፈ። ሰፊ የወንድ ኮንጎ፣ እንዳይወልቅ በጨርቅ የታሰረ። በረት ሲወርዱ ሁልጊዜ እሱን ነው የሚያደርጉት። በሬው የተሰረቀ ዕለትም ጎህ ሲቀድ አድርገውት ነበር።

«እማማ፣ ዱካው የእርስዎ ነው እኮ» አልኳቸው።

«የኔ? ይሄማ የይማም ነው» አሉ፤ እግራቸውን እያዩ።

ስቄ ሳልጨርስ ዕንባዬ መጣ። ጋሽ ይማም ያነክሱ ነበር። ተረከዙን የጨረሱት እሳቸው ናቸው።

ሐሙስ

አለቃዬ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ሰይድ ይቅርታ ሊጠይቅ የሐሰን ጉልበት ላይ ጎንበስ ሲል ሐሰን ቀድሞ አነሳው። የሚመስል በሬ ጎብዬ ገበያ ላይ ታይቷል የሚል ወሬ አለ፤ ሁለቱ አብረው ሄደዋል። እስካሁን አልደወሉም። የሰይድ እህት ወደ ባሏ ቤት ተመልሳለች።

ሲባጎውን ልፈታ ሄድኩ። እማማ «ያ ነጩ ነገር ለመንግሥት ያስፈልጋል?» አሉኝ። ጋሽ ይማም ፎቶ ተነስተው አያውቁም። ጀሶውን ሰጠኋቸው። የተረከዙን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱት። «ሲረግጥ እንዲህ ነበር» አሉ፤ ከዚያ በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘውት ገቡ።

ስለ በሬው አንድም ቃል አልጠየቁኝም።