ቶሎ የተከፈተው ፎልደር

ለታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? እኔ ከንዴቴ በቀር የሚያመኝ የለም። አባባም ዓይናቸው ከመድከሙ በስተቀር ደህና ናቸው። ፎቶ ቤቱም እንዳለ አለ፤ አልተሸጠም፣ አይሸጥምም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሁለት ነገር አዘሃል፤ የገዛሁትን ዲስክ እንድመልስ፣ ፎቶ ቤቱንም ሸጠን እንድንገላገል። ሁለቱንም አላደርገውም! ኮምፒውተር ማወቅህን አልክድም። ግን ሃይብሪድ ዲስክ ከሁለት ያጣ ጎመን ነው ብለህ በሩቅ ስትፈርድ፣ የእኛን ሥራ የረሳኸው መሰለኝ።

ስማኝ። አሮጌው ዲስክ መንኳኳት ሲጀምር፣ የሃያ ዓመት ሰርግና ልደት ይዞ ሊሞት ነው ብዬ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ፈጣኑ፣ ውስጡ የሚሽከረከር ነገር የሌለው፣ ያን ሁሉ ፎቶ በሚችል መጠን ዋጋው አይቀመስም። ተራው ሰፊ ነው፤ ግን አንድ አልበም እስኪከፍት ደንበኛ ያዛጋል። ሻጩ ሦስተኛ፣ ሃይብሪዱን አወጣ፤ ሰፊ ተሽከርካሪ ዲስክ ሆኖ ትንሽዬ ፈጣን ማህደረ ትውስታ አብራው ያለች። ትንሿ ውስጥ የሚቀመጠውን አንቺ አትመርጪም አለኝ። ዲስኩ ራሱ እያየ፣ ደጋግመው የሚከፍቱትን እዚያ ቅርብ ያደርገዋል፤ የተረሳው ሰፊው ላይ ይቀራል። መጀመሪያ ሰሞን ይንቀራፈፋል፣ እስኪለምድሽ ታገሺው አለ። ያም ሆኖ ዲስክ ነውና ይበላሻል፣ ሌላ ቅጂ አይለይሽ ሲለኝ አመንኩት። የዕቃውን ነውር የሚናገር ሻጭ ስንት አለ?

አባባ እንደምታውቃቸው ናቸው። አንተ ካሜራህን አስቀምጠህ የወጣህ ቀን ስሙን በዚህ ቤት እንዳትጠሩ ብለው ነበር፤ እስከ ዛሬም አልጠሩህም። ኮምፒውተሩንም ቢሆን ይህን ሳጥን አልነካም፣ ማብራቱንም አላውቅበት ይላሉ። ጠዋት ጠዋት ቀድመውኝ የሚገቡት ለመጥረግ ነው። እኔ ስደርስ ግን ወለሉ እንደቆሸሸ ነው፤ መጥረጊያውን የማነሳው እኔው ነኝ።

ከደብዳቤህ ያንገበገበኝ የዲስኩ ነገር አይደለም። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል፣ አባባ ከልባቸው ከሰረዙኝ ቆይተዋል፣ ከእንግዲህ አልመጣም ያልከው ነው። ደሜ ፈላ። እሱ ካልመጣ ፎቶው ምን ያደርግልናል ብዬ ያንተን ፎልደር ልሰርዘው ተቀመጥኩ። ከአሮጌው ዲስክ ከገለበጥኩት ወዲህ ለአንድ ቀን እንኳ ነክቼው አላውቅም፤ ቂመኛ ነኝ፣ ታውቀኛለህ።

ገና ስነካው ተከፈተ። መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ፣ የፊት ጥርስህ ከወለቀበት ጀምሮ፣ ዓይኔን ሳልጨፍን ስክሪኑን ሞላው። ዲስኩ እንዲህ ፈጣን ነው እንዴ ብዬ የራሴን ምርቃት ከፈትኩ፤ ተንቀራፈፈ። ባለፈው ዓመት ያነሳሁትን ሰርግ ሞከርኩ፤ እሱም ያው። ተመልሼ ያንተን ነካሁት፤ እጄን ሳላነሳ ከተፍ አለ።

እዚህ ቤት የምንሠራው ሁለት ብቻ ነን። ፎልደሩን አልሰረዝኩትም፤ ዲስኩንም እምቢ፣ አልመልስም። ኮምፒውተር አዋቂው አንተ ነህ፤ የቀረውን ራስህ አስላው።

የአባባ ዓይን ቀዶ ጥገና ለሚመጣው ወር ተቀጥሯል። ካሜራህ መደርደሪያው ላይ ነው፤ አቧራውን እወለውላለሁ።

አባባ ሰላምታ አልላኩልህም። ልጽፍለት ነው ስላቸው ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። መነጽራቸውን ግን ዛሬም ኪቦርዱ ላይ ረስተውት ወጥተዋል።

ጤና ይስጥህ። መንገድህንም ያቅናልህ፤ ወደዚህ የሚያመጣውን ማለቴ ነው።

ያልታዘዘችህ ታናሽ እህትህ